አጎቴ ፎርሚኒ ላይ ያደረገው

አጎቴ ጌራን አባቴን ሲገድለው ያየሁት በስምንት ዓመቴ ነው። በገዛ ጓሯችን፣ ከፖም ዛፎቹ መካከል፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ። ከዚያ ቀን በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አላናገርኩትም። ከሩቅ ሲመጣ ካየሁት መንገድ እቀይር ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከፊቴ ከቆመም ጸሎቴን ትቼ ዓይኔን ጀርባው ላይ ተክዬ እረግመው ነበር። አሁን ስድሳ ልደፍን ጥቂት ቀርቶኛል። ነገሩን ያኔ እንዳየሁት እነግራችኋለሁ፤ ያየሁትን አለማወቄን ግን ያወቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው።

አባቴ ዊልኪን ይባላል። እንግሊዝ ነበር። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ቀስት ተሸክሞ ባሕር ተሻግሮ ያኔ በእንግሊዞች እጅ ወደነበረችው ኖርማንዲ መጣና ባዩ በምትባል ከተማ በዘበኝነት ተቀጠረ። እናቴን ካርዲንን ገበያ ላይ ቅቤ ስትሸጥ አያት። ሦስት ቅዳሜ ተራ በተራ እየመጣ ቅቤ ገዛ። በአራተኛው «ይሄን ሁሉ ቅቤ ምን ታደርገዋለህ?» ብትለው «ለጓደኞቼ ጫማ እቀባበታለሁ፣ መብላቱ ሰለቸን» አላት። እናቴ ይህን ስትናገር ሁልጊዜ ትስቅ ነበር። ለእሷ ብሎ ወታደርነቱን ተወ፤ ወደ መንደራችን ወደ ፎርሚኒ መጥቶ የሣር ጣራ መክደን ተማረ። እኔ ነፍስ ሳውቅ በመንደራችን እሱ ያልወጣበት ጣራ አልነበረም።

የመንደሩ ሰው እንግሊዞችን «ጎዶን» ነበር የሚላቸው። ጎዶን ሁሉ ጭራ አለው ይባላል። ልጆች እየከበቡ «አንቺ ራውሊን፣ አባትሽ ጭራውን ሱሪው ውስጥ ጠምጥሞ ነው የሚይዘው?» ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን ወንዝ ውስጥ ሲታጠብ ቀስ ብዬ ከኋላው ዞርኩ።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

«ጭራህን።»

ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ውኃው ውስጥ ተቀመጠ። «ቆርጬ ለእናትሽ ጥሎሽ ሰጠኋት። ሣጥኗ ውስጥ ነው፤ እንዳትነኪ» አለኝ። እኔም አምኜው ሣጥኑን ፈትሻለሁ።

አጎቴ ጌራን የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ከአጥራችን ማዶ ብቻውን ይኖር ነበር። ኅዳር ሲገባ የመንደሩን ዓሣማ ሁሉ የሚያርደው እሱ ነው። በመጥረቢያው ጀርባ ግንባሯ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይመታትና ሳትጮህ ትወድቃለች። ሰው ሁሉ ለዚህ ነበር እሱን የሚጠራው፤ እጁ አይደግምም ይሉት ነበር። አባቴን በስሙ ጠርቶት አያውቅም። «ያ ጎዶን አለ?» ይላል በራችን ላይ ቆሞ፣ አባቴ ከፊቱ ተቀምጦ እያለ። አባቴም «የለም፣ ሲመጣ እነግረዋለሁ» ይለዋል። እኔ እንደሚቀላለዱ ነበር የማስበው። ሌላ ወንድም እንደነበራቸው፣ ገበሬው ባመፀበት ዓመት እንግሊዞች በባዩ መንገድ ላይ ከአንድ ዋርካ የሚያክል ዛፍ ላይ እንደሰቀሉት፣ አውርዶ የቀበረውም ጌራን እንደነበረ ያኔ ማንም አልነገረኝም።

የፈረንሳይን ንጉሥ ሊወጋ የመጣው የእንግሊዝ ጦር መንደራችን የገባው ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ቀን ነው። ከሸርቡርግ ወደብ በኩል የባሕሩን አሸዋ ውኃው ሲሸሽ ተሻግረው ስለመጡ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበሩ። ከወንዙ ዳር ሰፈሩ። ብዙም ሳይቆይ አንድ አለቃ ሁለት ሰው አስከትሎ በየቤቱ እየዞረ በአካባቢው የተቀመጡ እንግሊዞችን ይሰበስብ ጀመር። እኛ ቤት ሲደርስ አባቴ ጣራ ላይ ነበር።

«ውረድ» አለው በእንግሊዝኛ። «ነገ ቀስት የሚይዝ እጅ ሁሉ ያስፈልገናል።»

«እኔ አሁን የምይዘው ሣር ነው» አለ አባቴ።

«ሣሩ ይቆይ። ባትመጣ ግን ቤትህን እናውቀዋለን።»

አባቴ ወረደ። ቀስቱን ከወጋግራው ላይ አወጣው፤ እናቴ ሽንኩርት ታንጠለጥልበት ነበር። ሽንኩርቱን አንድ በአንድ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረው።

ከሰዓት በኋላ የፖም ጠጅ በርሜሎች የሚቀመጡበት ጎተራ ውስጥ ነበርኩ። ድመታችን እዚያ ወልዳ ነበርና ግልገሎቿን ፍለጋ ከበርሜሎቹ ኋላ ገብቻለሁ። አባቴ፣ እናቴና አጎቴ ጌራን ገብተው በሩን ዘጉ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲቀመጡ አይቼ ስለማላውቅ ትንፋሼን ያዝኩ።

«ሴሪዚ ጫካ ግባ» አለ አጎቴ። «አሁኑኑ። እኔ አሳልፍሃለሁ።»

«ከጠፋሁ እነዚህ ቤቱን ያቃጥሉታል። የሸሸ ሰው ቤት ምን እንደሚደረግ እኔን ነው የምትነግረኝ? በእጄ አቃጥያለሁ።»

«እንግዲያው ተዋጋና ሙት።»

«ብሞትማ ምን ነበረበት። ካልሞትኩስ? ከተሸነፍን እግሬ ወደዚህ ነው የሚያመጣኝ፣ ሌላ መንገድ አያውቅም። የፈረንሳይ ንጉሥ ሰዎች ደግሞ ተከትለውኝ ይመጣሉ። የጎዶን ቤት ነው ካሉ ቤቱም፣ ላሟም፣ እሷም፣ ልጅቷም…»

«ዝም በል!» አለች እናቴ።

«አልልም። ጌራን፣ ስማኝ። ነገሩ እዚያ ከደረሰ አንተው ጨርሰው። በኅዳር እንደምታደርገው። አንድ ጊዜ፤ ሳትደግም።»

አንዷ ግልገል እጄን ስትልስ ይሰማኛል።

«አይዞህ፣ አዝነህ እንዳትተወው» አለ አባቴ።

«አልተውም» አለ አጎቴ።

እናቴ እያለቀሰች ወጣች። እኔ ስለ ዓሣማችን የሚያወሩ ነው የመሰለኝ። ወታደሮቹ ሳይወስዷት አርደን እንደብቃት ብለው የተማከሩ መሰለኝ። ጉሮኖዋ ድረስ ሄጄ አንገቷን አቅፌ አለቀስኩላት።

ወደ ማታ፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ አባቴ ከመሄዱ በፊት ጉልበቱ ላይ አስቀመጠኝ። «ጨዋታ እንጫወት» አለኝ። «ከአሁን ጀምሮ እንግሊዝኛ የተናገረ ተሸናፊ ነው። ነገ ደግሞ የትም ብታይኝ አታውቂኝም፣ እኔም አላውቅሽም። ቀድሞ የጠራ ተሸነፈ።»

«ካሸነፍኩ ምን ታመጣልኛለህ?»

«ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ጫማ። ቀይ።»

«ቀይ ጫማ» አለ። ፀጉሬን አሸተተና ሄደ።

በማግስቱ እናቴና እኔ ቆጡ ላይ ወጥተን በጣራው ሥር ባለች ቀዳዳ ስንመለከት ዋልን። ወታደሮቹ በሰይፍና በጩቤ ጓሯችንን ይቆፍሩ ነበር፤ ፈረስ የሚሰነካከልበት ጉድጓድ፣ ከፊቱ ሹል እንጨት። የእናቴን አትክልት ገለባበጡት። አባቴ ከመካከላቸው ጎንበስ ብሎ ይቆፍራል። አንድ ጊዜም ቀና ብሎ ወደ ቤታችን አላየም። ጨዋታ ይችላል ብዬ ኮራሁበት።

ከቀትር በኋላ ፈረንሳዮቹ ሁለት መድፍ አመጡ። በተተኮሰ ቁጥር ከጣራችን ሥር አቧራ ይወርድብናል። እንግሊዞቹ ጥቂት ከታገሡ በኋላ ከአጥሩ ወጥተው እየጮሁ ሮጡና መድፎቹን ቀሟቸው። «አባባ ሊያሸንፍ ነው!» አልኩ። የእናቴ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ግን ለማን እንደምትጸልይ አላውቅም ነበር። አሁንም አላውቅም። ወንድሟን የሰቀሉት እነዚያ፣ ባሏም ከእነዚያ ጋር ነው።

ቀጥሎ ኮረብታው ላይ፣ ከነፋስ ወፍጮው አጠገብ፣ ፈረሰኞች ታዩ። ብዙ ናቸው። እንግሊዞቹ ወገን የመጣላቸው መስሏቸው እልል አሉ። እኔም እልል ስል እናቴ አፌን አፈነችው።

«ብሬቶኖች ናቸው፣ የፈረንሳይ ንጉሥ ወገን» አለች። «አለቀ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። ፈረሶቹ ከኮረብታው ሲወርዱ ቆጡ ተንቀጠቀጠ። ሰዎች በወንዙ ውስጥ፣ በየአጥሩ ሥር ሮጡ። የፖም አበባ ከዛፉ ይረግፋል፤ ነፋስ ግን አልነበረም። ጎረቤታችን እትዬ ቶማሴ በጓሮዋ ቆማ የልብስ መውቀጫዋን ወደ ላይ አንስታ መሬት ላይ የተከመረ ነገር ትደበድባለች። «እትዬ ቶማሴ ዛሬም ልብስ ታጥባለች» አልኳት እናቴን። ልብስ አልነበረም። የመንደሩ ሰው ሁሉ በዚያ ሰዓት መንሹንም፣ አካፋውንም፣ ያገኘውን ይዞ ወጥቷል። የሠላሳ ዓመት ብሶት ነበራቸው።

አባቴ በአጥሩ ቀዳዳ ገባ። የራስ ቁር የለውም፣ አንድ እግሩን ይጎትታል፣ ጆሮው ይደማል። ዛፎቹ መካከል ሲደርስ ቆመና አንዱን ተደገፈ። ወዲያው ሁለት የፈረንሳይ ወታደሮች ተከትለው ገቡ፤ ከኋላቸውም የመንደሩ ሰዎች፣ አሥር ይሆናሉ። እናቴ ከቆጡ ወረደች። እኔም ተከተልኳት። አጎቴ ጌራን አጥሩ ጋ መጥረቢያውን ይዞ ቆሟል።

አንደኛው ወታደር፣ ሰይፉን አባቴ አንገት ላይ ያደረገው፣ ወጣት ነበር። «ይሄ ሌላውን ሁሉ ትቶ ቀጥታ ወደዚህ ነው የሮጠው። የማን ቤት ነው?»

«የእኔ» አለች እናቴ።

«ባልሽስ?»

«በጾሙ ወራት በትኩሳት ሞተብኝ፣ ጌታዬ።»

«በዚህ መንደር ሚስት ያገባ ጎዶን አለ ብለውናል።»

ማንም አልተነፈሰም። እዚያ የቆሙት ሁሉ የሚያድሩት አባቴ በከደነው ጣራ ሥር ነው። እጃቸው ላይ ያለው ደም ገና አልደረቀም። እትዬ ቶማሴ እግሯን እግሯን ታያለች።

«ይሄን ታውቂዋለሽ?» አላት ወታደሩ።

«አውቀዋለሁ» አለች እናቴ። ተሸነፈች ብዬ ደነገጥኩ። «ትናንት ሁለት ዶሮ ሰርቆኝ ሄዷል። ዓይኑን የማልረሳው ሌባ ነው።»

ሰዎቹ ሳቁ። ወታደሩም ፈገግ አለና ወደ እኔ ዞረ። ጎንበስ ብሎ «አንቺስ፣ የኔ ቆንጆ? ታውቂዋለሽ?» አለኝ።

አባቴ ያን ጊዜ ጮኸ። በእንግሊዝኛ። ፊቱን አክፍቶ፣ ምራቁን እየረጨ፣ ወታደሩን የሚሰድብ ይመስላል። ከእናቴና ከእኔ በቀር እዚያ ቋንቋውን የሚሰማ ሰው አልነበረም። ያለው ግን ይሄ ነው፦ «ጎበዝ ልጅ። ዝም በይ። አሸንፈሻል፣ የኔ ልጅ፣ አሸንፈሻል፣ ዝም ብቻ በይ።»

እኔ የሰማሁት ማሸነፌን ነው። እንግሊዝኛ የተናገረ ተሸናፊ ነዋ! ጨዋታው አለቀ፣ ቀይ ጫማዬ መጣ። ደስታው ደረቴን ሞላውና አፌን ከፈትኩ።

አባቴ ያየው አጎቴን ነበር። ጌራን ከወታደሩ ኋላ ደርሷል። አባቴ በዝቅተኛ በር እንደሚገባ ሰው አንገቱን ዝቅ አደረገ። መጥረቢያው በጀርባው ወረደ። አንድ ጊዜ። አልደገመም።

«አንተ ደደብ!» አለ ወታደሩ ወደ ኋላ ዘልሎ። «ገና እየጠየቅኩ እኮ ነው!»

«ይቅር በሉኝ ጌታዬ» አለ አጎቴ። «ወንድሜን የሰቀሉት እነሱ ናቸው። እጄ አልታዘዝ አለኝ።»

ወታደሩ ሰዎቹን ጠየቀ። «እውነት ነው፣ ወንድሙን ሰቅለውበታል» አሉት በአንድ አፍ። እውነትም ነበር። ተፋና ጓደኛውን ይዞ ሄደ።

እናቴ ፊቴን ሆዷ ላይ አጣብቃ ይዛኝ ነበር። በሽርጧ ውስጥ መተንፈስ አቃተኝ። ሆዷ ይርገፈገፋል። እንደ ሰዎቹ የምትስቅ መሰለኝ። ለብዙ ዓመት፣ ትልቅ ሴት ሆኜ እንኳ፣ እናቴ ያን ቀን የሳቀች ይመስለኝ ነበር።

ሙታኑን የሚቆጥሩ ሰዎች መጡ፤ አሥራ አራት ጉድጓድ ተቆፈረ። አጎቴ ሦስት ቀን ቆፈረ። አባቴን ከሌሎቹ ጋር ጨመረው። ለየት አድርጎ ቢቀብረው ምን እንደሚሉን ያኔ አልገባኝም፤ እንደ ውሻ ጣለው ብዬ በላዩ ላይ ሌላ ጥላቻ ጨመርኩ። የትኛው ጉድጓድ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ኖርማንዲ በዚያ ዓመት ሙሉ በሙሉ ለፈረንሳይ ንጉሥ ገባች። የእንግሊዝ ቤት የሚመዘግቡት ሰዎች በመጡ ጊዜ እናቴ በትኩሳት ሞተ አለች፤ እኔም በትኩሳት ሞተ አልኩ። ቤቱን አልወሰዱብንም።

አጎቴ ማገዶ ይፈልጥልን ነበር። ኅዳር በመጣ ቁጥር ሥጋ በራችን ላይ ያስቀምጣል። ድርሻዬን ለውሻ እሰጥ ነበር። ሳገባና ወደ ትሬቪዬር መንደር ስሄድ፣ አጎቴ በሠርጌ ከተገኘ ከቤት አልወጣም አልኩ። አልመጣም። ከሩቅ፣ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ባርኔጣውን እንዳወለቀ ሌሎች ነገሩኝ።

እናቴ እውነቱን የነገረችኝ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ነው። ልጠይቃት መጥቼ ዝይ አብረን እንነጭ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ ስለ ጌራን ክፉ ቃል ወረወርኩ። እናቴ እጇን ሳታቆም «የለመነው አባትሽ ነው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«እንዲገድለው። ጎተራው ውስጥ፣ ከበርሜሎቹ ፊት ቆሞ። እኔ እያለሁ።»

ዝይዋን ከጭኔ ላይ ጣልኳት። ግልገሎቹ፣ ጠባቡ ቦታ፣ «በኅዳር እንደምታደርገው» የሚለው ድምፅ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ።

«ለምን እስከ ዛሬ?» አልኳት።

«መጀመሪያ ልጅ ነበርሽ፤ ልጅ ያወራል። በኋላ ደግሞ እሱ ከለከለኝ። ‹የምትጠላው ሰው ያስፈልጋታል፣ ካርዲን፤ እኔን ካልጠላች ራሷን ነው የምትጠላው› አለኝ።»

ለምን ራሴን እንደምጠላ አልጠየቅኳትም። አፌን እንደከፈትኩ ሁለታችንም እናውቃለን።

አጥሩን ዞሬ ሄድኩ። አጎቴ ሰባ አልፎታል። በሩ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። እጆቹ ጭኑ ላይ ይንቀጠቀጣሉ፤ ማረድ ከተወ ቆይቷል። ዓይኑ ደክሟልና እስክቀርበው አልለየኝም። ሲለየኝ ለመነሣት ሞከረ።

«ተቀመጥ» አልኩት። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ቃሌ ነው። «እናቴ ነገረችኝ። አባቴ ለምኖህ ነው ያደረግኸው።»

«ለምኖኛል» አለ። «እሱ እውነት ነው።»

«እንግዲያው ለምን…»

«ቆይ። ስትጨርሺ ደግ ሰው ልታደርጊኝ ነው፤ አታድርጊኝ። ካርዲን ያየችው ሲለምነኝ ነው። ውስጤን አላየችም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያን ሰው ጣራ ላይ ቆሞ ሲያፏጭ በሰማሁ ቁጥር ወንድሜ ገመድ ላይ ሲወዛወዝ ይታየኝ ነበር። ጎተራ ውስጥ ሲለምነኝ ልቤ ደስ አለው። ገባሽ? ደስ አለው። ለእሱ ብዬ ይሁን ለራሴ ብዬ የመታሁት አላውቅም። ብዙ አስቤበታለሁ፤ አላውቅም።»

አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ልጠይቀው የመጣሁትን ጠየቅኩት።

«አፌን ባልከፍት ኖሮስ?»

አጎቴ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

«አፍሽን ስትከፍቺ እጄ ወደ ላይ ተነስቶ ነበር» አለ። «መጥረቢያው ከራሴ በላይ ነበር። አንቺ ምንም አላደረግሽም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እጄን አውቀዋለሁ።»

ደጋግሜ አስቤዋለሁ። በዓይነ ልቡናዬ ሳየው አንዴ አፌ ይቀድማል፣ አንዴ መጥረቢያው። አጎቴ እውነቱን ነግሮኝ ይሁን፣ ወይስ እንደ ሥጋው በራችን ላይ የሚተውልኝ ነገር ያ ብቻ ቀርቶት ይሁን፣ የማውቅበት መንገድ የለኝም። እናቴ ሞታለች። እሱም ሞቷል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ቆየ። ሐሙስ ሐሙስ ከትሬቪዬር በእግሬ እየመጣሁ ሾርባ እሠራለት ነበር። ማንኪያውን እጁ መያዝ ሲያቅተው እኔ አጎረስኩት። ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም።